ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ገብስ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ፣ ባሕር ዳር ከሚማረው ጓደኛዬ ጋር የጦር ጨዋታ ገጥሜያለሁ። እንዲህ ያለውን ጨዋታ አንዳንድ ሰዎች በትንንሽ የወታደር ምስሎች ጠረጴዛ ላይ ይጫወቱታል፤ የእኛ ጠረጴዛ ግን ኮምፒውተሩ ነው። ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ቢጫ ማሳ ማዶ ያለውን ድልድይ ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል። አንድም ቀን አሸንፌው ስለማላውቅ ቸኩያለሁ። ወታደሮቼን በማሳው ላይ በአቋራጭ ልነዳቸው ስል፣ ለገበያ መጥተው አጠገቤ የተቀመጡት አባቴ እጄን ያዙኝ።

«የደረሰ ገብስ ልታስረግጥ ነው? በዳር ንዳቸው እንጂ!»

«ኧረ አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? የሰው ልፋት አይደለም?»

እጄን አልለቅ አሉ። ምን ላድርግ? ወታደሮቼን በማሳው ድንበር አዞርኳቸው። ጓደኛዬ ድልድዩን ያዘና «መንገድ ጠፋህ እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ።

«ይኸው ተሸነፍኩልዎት!» አልኳቸው።

አባቴ ግን ፊታቸው በርቷል። ማሳውን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይሁና! አንዲት ዛላ እንኳ አልወደቀችም» አሉኝ።