ከአመድ የተነሣው የወይዘሮ አሰገደች ግራር

የተወደዳችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ከቡቲዬና ከኦቦ ድረስ መጥታችሁ ያስተዛዘናችሁን ጎረቤቶች፤ እኔ ታናሽ ወንድማቸው የወይዘሮ አሰገደች ወንድይራድን ሕይወት ባጭሩ ላነብላችሁ ቆሜአለሁ፤ ማሳጠሬን ግን እሳቸው አይወዱልኝም ነበር።

ወይዘሮ አሰገደች ከአባታቸው ከአቶ ወንድይራድ ክፍሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንዱ በኢትዮጵያው ሞያሌ በ1953 ዓ.ም. ተወልደው፣ እዚያው ቀለም ቆጥረው፣ ከአቶ ታፈሰ ጋር በተክሊል ከተጋቡ በኋላ ወደዚህ ወደ ኬንያው ሞያሌ ተሻግረው በማንያታ ሰፈር አነስተኛ ሆቴል ከፈቱ፤ ሱራንና ሚሚንም ወልደው ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

ልባቸው ግን ሆቴሉ ላይ አልነበረም። የተቀደደ ማዳበሪያ፣ የተሰበረ ጀሪካን፣ የዛገ ሽቦና የግራር ቅርፊት እየሰፉና እያጣበቁ፣ የድርቁን ዘመንና ዝናብ ሲጥል ምድር የምትለብሰውን ልምላሜ በትልልቅ ሸራ ላይ ያሳዩን ነበር። ደንባቸውም አንድ ነው፤ የዕቃው ባለቤት ታሪኩን ካልነገራቸው ዕቃ አይቀበሉም። አቶ ዋሪዮ ከኦቦ የተሰነጠቀ የግመል ቃጭል ባመጡ ጊዜ፣ ግመሏ በየትኛው ድርቅ እንደሞተች ተርከው እስኪጨርሱ አዳምጠዋቸዋል። ወሬ ፈጥሮ የመጣውን ግን ከነዕቃው ይሸኙት ነበር፤ ከተሸኙትም ዛሬ እዚህ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ አሉ።

የመጨረሻ ምኞታቸው በቡቲዬ ሽማግሌዎች ይሰበሰቡበት የነበረውን፣ በኋላ ለከሰል የተቆረጠውን ትልቅ ግራር ሠርቶ ማቆም ነበር፤ ሳይጨርሱት መሞትን አጥብቀው ይፈሩ ነበር። አምና የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ለሕክምና ማርሳቢት ሳሉ፣ አቶ ታፈሰ በሽተኛ የሚገባበት ግቢ ይጽዳ ብለው ለግራሩ የተሰበሰበውን ሁሉ በቅንነት አቃጠሉት። ወይዘሮ አሰገደች ተመልሰው አመዱን ባዩ ጊዜ አምርረው አለቀሱ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ባለቤታቸውንም ለብዙ ቀን አኮረፏቸው። ከዚያ ግን ዛፉም ያለቀው በእሳት ነውና ግንዱ ቢጠቁር ያምርበታል ብለው፣ የቀለጠውን ጀሪካንና የጠቆረውን ሽቦ ከአመዱ ለቀሙ። አቶ ታፈሰም በደንቡ መሠረት እንዴት እንዳቃጠሉት ለጎረቤቱ ሁሉ አንድ በአንድ ከተናገሩ በኋላ ብቻ ዕቃው ተቀባይነት አገኘ። የወይዘሮ አሰገደች እጅ መርፌ መያዝ ሲያቅተው፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ካልቱማ እየሰፉ፣ አቶ ታፈሰ ሽቦ እየጠመዘዙ፣ እሳቸው ከአልጋቸው ላይ እያዘዙና እየተቆጡ ግራሩ ቆመ። ቆሞም በዓይናቸው አዩት።

ወይዘሮ አሰገደች በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ባለፈው ሐሙስ ሲያርፉ፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተውልን ሄደዋል፤ በጣም ይናፍቁናል። ከፈጠረው አንዱንም የማይጥል አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ ታሪካቸውንም እስኪጨርሱ ድረስ ያዳምጣቸው። አሜን።