ለብቻዋ የሚያስነብባት ሰው

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ የጓሮውን ድንች ቆፍሮ ማውጣት ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ከቤት ብዙም አልወጣም ነበር። ክረምቱ ሲጋመስ ግን ከአማኑኤል ወደ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት መምህርትና አንድ ገበሬ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ለክረምቱ ማጠናከሪያ ትምህርት ለምን አላመጧትም?»

«በቆሎውን ማን ያርመዋል?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«ወገቤን አይተሽዋል፣ ልጄ?»

«ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ፊደል አትለይም እኮ።»

«አውቃለሁ። አረሙስ ሰበብ ነው፤ ልጆች ሲስቁባት ነው የቀረችው።»

«ለብቻዋ የሚያስነብባት ሰው ብናገኝስ?»

«ያኔማ ራሴ አመጣታለሁ። ሰውስ ከየት ይገኛል?»

«ማንበብ የሚችል ሰው እቤቱ ተቀምጦ ሞልቷል።»

«ማን ሄዶ ይጠይቀዋል?»

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄጄ ያቺን ልጅ አስነብባለሁ።