የአቶ ይገዙ ቤት እንግሊዝኛ

ቅዳሜ ጠዋት ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ከፊቴ አንድ የማውቀው ድምፅ ከእሱ ባልለመድኩት ቋንቋ ሲቆጣ ሰማሁ።

«ፅዮን! ኖ ራን! ከም ሂር!»

ቀና ብዬ ባይ የሰፈሬ ሰው አቶ ይገዙ ናቸው። አቶ ይገዙ ዕድሜያቸውን በከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት ያሳለፉ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ የጎጃም ሰው ናቸው። ጨዋታ አዋቂነታቸውን ኮልፌ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ወሬ ከጀመሩ ሐዘንተኛው ሳይወድ ፈገግ ይላል። እኚህ ሰው ገና አራት ዓመት ያልሞላትን የልጅ ልጃቸውን በሁለትና በሦስት ቃል ብቻ ሲያነጋግሩ መስማቴ አስገረመኝ። ከጎናቸው የልጃቸው ሚስት ሌሊሴ ቆማለች። በአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ረጋ ያለች፣ የጀመረችውን ነገር ሳትጨርስ የማትተው ሴት።

ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «አባባ፣ ምነው በእንግሊዝኛ ሆነ?» አልኳቸው።

«ተወን መምህር፣ ልምምድ ላይ ነን። ሰኞ ፈተና አለባት።»

«በዚህ ዕድሜዋ የምን ፈተና?»

«የመዋዕለ ሕፃናት መግቢያ ነዋ! እዚያ ትልቁ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ካልመለሰች አይቀበሏትም። ስለዚህ ከፋሲካ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ለፅዮን በሌላ ቋንቋ መናገር ክልክል ነው። የከለከልኩትም እኔ ነኝ።»

«እርስዎስ እንዴት ይሆኑላታል?»

«የማውቃትን እላለሁ። ‹ኢት› እላታለሁ፤ ‹ስሊፕ› እላታለሁ። ካለቀብኝ ዝም ነው።»

«አብዛኛውን ጊዜ አልቆባቸው ነው የሚውሉት» አለች ሌሊሴ።

አቶ ይገዙ ራሳቸው ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አንተ ፍረደን። ምራቴ ወዴት እየወሰደችን እንደሆነ ታውቃለህ? ዘነበወርቅ አካባቢ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አለ አሉ፤ ልጆቹን ከጠዋት እስከ ማታ በኦሮምኛ ብቻ የሚያነጋግሩበት። ዛሬ ለወላጅ ክፍት ነው ብላ ለመነችኝ። ባሏ ‹አባዬ ከፈቀደ› ብሎ ነገሩን እኔ ላይ ጥሏል። እኔ ግን አልጣመኝም።»

የእኔም መንገድ ወደ ዘነበወርቅ ስለነበር አንድ ታክሲ ውስጥ ገባን። ፅዮን አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። ለአንዲት ሕፃን ዝምታዋ በዝቶብኝ ነበር።

«ምኑ ነው ያልጣመዎት?» አልኩ።

«ቋንቋ ሲበዛባት ትደናገራለች። አፏ ይተሳሰራል።»

«አባዬ፣ እኔ አምቦ ሳድግ ቤት ውስጥ በኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደግሞ በአማርኛ ነበር። የእኔ አፍ ተሳሰረ?» አለች ሌሊሴ።

«የአንቺማ መቼ ተሳሰረ! ምነው ትንሽ አስረው በላኩልኝ!»

ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሌሊሴም አብራ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። አቶ ይገዙ ቀጠሉ፦ «ኦሮምኛ ከሆነ ደግሞ አንቺ እናቷ አለሽ። አንቺ አስተምሪያት። ትምህርት ቤት ምን ይሠራል?»

«እኔ ጠዋት ስወጣ አልነቃችም፤ ማታ ስመለስ ደክሟት አገኛታለሁ። አባዬ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚናገረው ቋንቋ ለልጅ የእናቷ አመል ነው የሚመስላት። ከእኩዮቿ ጋር ስትጫወትበት፣ ስትጣላበት፣ ውኃ ስትጠይቅበት ነው የራሷ የሚሆነው። ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ በዚያው ቋንቋ የሚያውሉበትን የፈለግሁት።»

«እንግሊዝኛውስ? ዓለም የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። «አባባ፣ እንጀራዬ እንግሊዝኛ ማስተማር ነው፤ አላጣጥለውም። ትደርስበታለች። ግን በእርስዎ ቤት በእንግሊዝኛ የሚስቅ ማነው? የሚቆጣበትስ? ክፍሌ ውስጥ እንግሊዝኛ ቶሎ የሚገባቸው ልጆች በሕፃንነታቸው ብዙ የተወራላቸው ናቸው፤ ወሬው በየትኛውም ቋንቋ ይሁን።»

አቶ ይገዙ ፅዮንን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ቀጥሎ የተናገሩት ከልባቸው ነበር። «እሺ፤ እሷ በኦሮምኛ ስታወራ እኔ በምን ልመልስላት ነው? በስተርጅና በገዛ ቤቴ እንግዳ ልሁን?»

ሌሊሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አባዬ፣ ይህን ነገር እናቴ ኖራበታለች። ለገና አምቦ ስንሄድ አይተዋል። ፅዮንን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ስትዳብስ ዋለች። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ስንለያይ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ይህች ልጅ የምታውቀኝ በእጄ ብቻ ነው› አለችኝ።»

«እትዬ ጉዲቱ እንዲህ አሉ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ዝምተኛ መስለውኝ ነበር።»

«እናቴ? ሰፈሩን ሁሉ የምታስቀው እሷ ናት።»

አቶ ይገዙ ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ የፅዮንን ፀጉር ሲዳብሱ ቆዩ። ጨዋታ አዋቂ ሰው ሌላው ጨዋታ አዋቂ ምን እንደደረሰበት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኔም የራሴን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ አሳድሬ አብሬያቸው ሄድኩ።

መዋዕለ ሕፃናቱ ቀድሞ መኖሪያ ቤት የነበረ፣ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቪላ ነው። ስንገባ ጥቂት ልጆች ከቧንቧው ፊት ተሰልፈው እጃቸውን ይታጠባሉ። መምህርቷ ኤቢሴ ትባላለች፤ ወጣት ናት። ፅዮንን ስታያት ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችና «ኮቱ»፣ ነዪ አለቻት። ፅዮን ቃሉን ባታውቀውም የተዘረጋው እጅ ነገራት፤ ወደ ሰልፉ ገባች። ከፊቷ ያለችው ልጅ በአማርኛ «ውኃው ይቀዘቅዛል!» ብላ ጮኸች። ኤቢሴ አልተቆጣችም። የገዛ ትከሻዋን አቅፋ እንደበረዳት ሰው እየተንቀጠቀጠች፣ ልጅቷ ያለችውን ያንኑ በኦሮምኛ ቀስ ብላ መለሰችላት። ልጆቹ ሁሉ ትከሻቸውን አቅፈው እየሳቁ፣ ወደ ውኃው እያመለከቱ «ቢሻን! ቢሻን!» አሉ። ፅዮንም እንደነሱ ትከሻዋን አቅፋ «ቢሻን» አለች፤ እጇን ውኃው ውስጥ ነከረች። ማንም አላስጠናትም፤ ማንም አልፈተናትም።

ከዚያ ኤቢሴ ልጆቹን ለረዳቷ ትታ ወደ በሩ ይዛን ሄደች። በልጆቹ ፊት ሌላ ቋንቋ ስለማትናገር፣ ጆሯቸው ከማይደርስበት ቆማ በአማርኛ አነጋገረችን።

አቶ ይገዙ ጥያቄያቸውን አዘጋጅተው ነበር። «በአማርኛ ስትመልስልሽ አትቀጫትም?»

«ለምን እቀጣታለሁ አባባ? ገብቷት ነው የመለሰችው። እየተቀጣች የምትማረውን ቋንቋ መናገር መቼ ትወዳለች?»

«እኔ እኮ ኦሮምኛ አላውቅም፤ ቤት ውስጥ ምን ልሆን ነው?»

«እርስዎ በኦሮምኛ እንዲያናግሯት አንፈልግም።»

«ታዲያ በእንግሊዝኛ?»

ኤቢሴ ሳቀች። «በአማርኛ ነዋ! ግን በደንብ። ተረት ካወቁ ተረት፣ ቀልድ ካወቁ ቀልድ። ሲያመሰግኑም፣ ሲመርቁም፣ ሲቆጡም በሚናገሩበት። የቤቷ ቋንቋ ከጠነከረ እኛ የምንሰጣት ይጨመርላታል። ቤት ውስጥ ዝም ከተባለች ግን እኛ እርስዎን መተካት አንችልም።»

አቶ ይገዙ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ማለት… ማውራት ይፈቀድልኛል?»

«የከለከለዎት ማነው?»

ሌሊሴ አቀረቀረች። ያን ጊዜ ያከበርኳትን ያህል አክብሬያት አላውቅም፤ መርታቷን ልትናገረው የምትችልበት ጊዜ ነበርና።

«አንድ ሞኝ ሽማግሌ ነው» አሉ አቶ ይገዙ። ከዚያም ወደ ምራታቸው ዞረው፣ «ሌሊሴ፣ የሰኞው ፈተና ቀርቷል። እዚሁ አስመዝግቢያት» አሉ።

ስንወጣ ፅዮን በመንገዱ የሚያልፍ የከተማ አውቶቡስ አይታ በጣቷ አሳየቻቸው። አቶ ይገዙ በልማዳቸው አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ልጅቷን ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ አስቀመጧት።

«አየሽው የኔ እመቤት? አያትሽ ያን የሚያህል አውቶቡስ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ምን ሆነ መሰለሽ፤ አንዲት ሴትዮ የያዘቻት ዶሮ አመለጠቻትና መጥታ መሪው ላይ አረፈች! ‹ውረጂ› ብላት እንቢ! ‹ትኬት ቁረጪ› ብላት እንቢ!…»

ፅዮን ከልቧ ሳቀች። ከጦር ኃይሎች ጀምሮ ድምፅዋን ስሰማ ያኔ ገና ሁለተኛዬ ነበር። ዶሮዋ ሳትወርድ ሁለት ታክሲ አመለጠን፤ ማናችንም አልተቆጣንም።

ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀን አልተቃናም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፅዮን በሩ ላይ ታለቅስ እንደነበር ሌሊሴ ነግራኛለች። ያም ሆኖ ትምህርት ከተጀመረ ወራት ካለፉ በኋላ፣ አንድ እሑድ ከእድር ስብሰባ ስንወጣ፣ አቶ ይገዙ ጎረቤታችንን አቶ ፍቅረማርያምን ይዘው ሲሟገቱ ደረስኩ። አቶ ፍቅረማርያም የልጅ ልጃቸውን የት እንደሚያስገቡ ጨንቋቸው ኖሯል።

«ልጅቷ ግራ አልተጋባችም?» ይላሉ አቶ ፍቅረማርያም።

«ግራ የተጋባሁትስ እኔ ነበርኩ! እሷማ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ ታወራለች። ማንን በምን እንደምታናግር አንድ ቀን ተሳስታ አላየኋትም። አምቦ ስንሄድ እኔና እትዬ ጉዲቱን የምታግባባን እሷ ናት፤ የሴትዮዋን ቀልድ እየተረጎመች በሳቅ አፈረሰችኝ። እንዲህ ያሉ አማች ኖረውኝ እስከ ዛሬ ሳላውቃቸው!»

«እንግሊዝኛውስ?»

«ይመጣል። ቋንቋ መልመድ የማያስፈራት ልጅ ሦስተኛውን ትፈራለች? አንተ ግን ስትመርጥ የግቢውን ቀለም አትመልከት፤ ሦስት ነገር ጠይቅ። አስተማሪዋ በቋንቋው የምትስቅ ናት ወይስ ከመጽሐፍ የምታነበው? ልጁ በሌላ ቋንቋ ሲመልስ ይቀጡታል ወይስ ያግዙታል? ደግሞ ‹ቤታችሁ ውስጥ የራሳችሁን ተዉ› ካሉህ፣ ልጁን ይዘህ ውጣ።»

«እስቲ አስብበታለሁ።»

«አስብበት። እስከዚያው ግን አሁን ቤትህ ስትገባ ልጁን በራስህ አፍ አናግረው፤ እሱ ምዝገባ አይጠይቅም።»