ከጥቁሩ ስር

(ደሴ፣ ቅዳሜ ጠዋት። አቶ ጌታነህ ከተቀበሩ አምስት ወር ሆኗቸዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደጌ ልጃቸውን ስመኝን ከቤት ልትወጣ ስትል በሩ ላይ አስቁመዋታል። ሁለቱም ጥቁር ለብሰዋል።)

ወ/ሮ ደጌ፦ ጫፉ ይታያል አልኩሽ። ቢጫ ነው።

ስመኝ፦ የውስጥ ልብስ ነው፣ እማዬ።

ወ/ሮ ደጌ፦ የውስጥ ልብስ እስከ ቁርጭምጭሚት መድረስ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?

ስመኝ፦ ብርድ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ጭጋጉ ገና አልተነሳም።

ወ/ሮ ደጌ፦ ጭጋጉን ተይውና ስልክሽን ስጪኝ።

ስመኝ፦ ስልኬን ለምን?

ወ/ሮ ደጌ፦ ትናንት ከእድር ስንመለስ አሰገደች ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። አንዲት ልጅ ቀይ ቀሚስ ለብሳ አሮጌ ደረጃ ላይ ቆማለች። «ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?» አለችኝ።

ስመኝ፦ ምን አልሻት?

ወ/ሮ ደጌ፦ መነጽሬን አልያዝኩም አልኳት።

ስመኝ፦ መነጽር አድርገሽ አታውቂም እኮ።

ወ/ሮ ደጌ፦ እሷም ይህንኑ አለችኝ።

ስመኝ፦ ፊቴ አይታይም። ሁሌ ከአንገት በታች ነው የምነሳው። ሰዓዳ የምትሸጠው የሰፋችውን ቀሚስ ነው፤ እኔን አይደለም።

ወ/ሮ ደጌ፦ ፊትሽ ባይታይ እግርሽ ይታያል። በልጅነትሽ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ጠባሳ እንደ ፊርማ ቁጭ ብሏል።

ስመኝ፦ እሺ፣ ለሌላ ጊዜ ካልሲ አደርጋለሁ።

ወ/ሮ ደጌ፦ ሌላ ጊዜ የሚባል የለም። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ከዚህ በር በቀለም አትወጪም። «የአባቷ አፈር ሳይደርቅ ፎቶ ትነሳለች» ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ስመኝ፦ በጥቁር ነው የምወጣው፣ በጥቁር ነው የምገባው። የማወልቀው ቦታው ከደረስኩ በኋላ ነው። አንድ የሚያውቀን ሰው አይቶኝ አያውቅም።

ወ/ሮ ደጌ፦ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አንድ ሰው የማያይሽ ቦታ ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ስመኝ፦ በየሰፈሩ አለ። መፈለግ ብቻ ነው። በየቀኑ እያለፍንበት የማናየው ስንት ጥግ አለ መሰለሽ። ይኸው ስልኩ፣ ራስሽ እዪው። አሰገደች ያሳየችሽ ደረጃ ይሄ ነው፤ ከፒያሳ ጀርባ፣ የጣሊያን ጊዜ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማንም አይወጣበትም።

ወ/ሮ ደጌ፦ ድንጋዩ አረንጓዴ ሆኗል። ቢያዳልጥሽ ማን ይሰማሻል?

ስመኝ፦ አረንጓዴው ነው እኮ ቀዩን ያጎላው። ይሄኛው ተጀምሮ የቀረ ፎቅ ነው። ሦስተኛው ላይ ግድግዳ ስለሌለው ከተማው በሙሉ ከኋላሽ ይታያል።

ወ/ሮ ደጌ፦ ግድግዳ ስለሌለው ሰው ይወድቃል።

ስመኝ፦ ጠርዙ ጋ አልተጠጋሁም። ዘበኛውም ደህና ሰው ነው፤ እስክጨርስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል።

ወ/ሮ ደጌ፦ ጀርባውን ሰጠኝ ብለሽ አንቺም ጀርባሽን ሰጠሽው። ይሄስ? ይሄ ገደል አይደል?

ስመኝ፦ ገደሉ ከኋላ ነው።

ወ/ሮ ደጌ፦ ገደል ሁልጊዜ ከኋላ ነው። ማን ነው ያነሳሽ?

ስመኝ፦ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፌ ሰዓት እሞላለታለሁ። አሥር ሴኮንድ ቆጥሮ ራሱ ያነሳል።

ወ/ሮ ደጌ፦ በአሥር ሴኮንድ ወደ ገደል ትሮጫለሽ። ብቻሽን።

ስመኝ፦ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። አንቺ ሁሌ መጥፎ መጥፎውን ነው የምታስቢው።

ወ/ሮ ደጌ፦ እስካሁን ተሳስቼ አላውቅም። ብሳሳት ደስ ባለኝ። ሰዓዳ ሐዘን ላይ ያልሆነች ሌላ ልጅ አጥታ ነው?

ስመኝ፦ አላጣችም። እኔ ነኝ የለመንኳት። ሰፈር ውስጥ የሚያገኘኝ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጥልኛል። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ይመጥጡልኛል፣ ባጃጅ ውስጥ ይመጥጡልኛል። እዚያ ስቆም ለአሥር ሴኮንድ «አይዞሽ» የሚለኝ ሰው የለም።

ወ/ሮ ደጌ፦ ሰው «አይዞሽ» ስላለ ይሸሻል?

ስመኝ፦ አንቺ አትሸሺም? ደጅ ሲንኳኳ ጓዳ ገብተሽ «ተኝታለች በያቸው» የምትይኝ ማን ናት?

ወ/ሮ ደጌ፦ እኔን ተይኝ። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ባዶ ግንብ። ሰው የለበትም።

ስመኝ፦ እሱን እለፊው።

ወ/ሮ ደጌ፦ ከላይ ሆነሽ ነው ያነሳሽው። ጥግ ላይ የመስኮት ብረት አለ። ሮዝ አበባ ያለው ሐረግ… ስመኝ፣ ይሄን ግንብ አውቀዋለሁ።

ስመኝ፦ ታውቂዋለሽ።

ወ/ሮ ደጌ፦ የሆስፒታሉ ጓሮ ነው። በዚህ በኩል ነው አስከሬኑን የሰጡን።

ስመኝ፦ አዎ።

ወ/ሮ ደጌ፦ ዛሬ የምትሄጂው እዚህ ነው?

ስመኝ፦ አዎ።

ወ/ሮ ደጌ፦ በዚህ ሁሉ ከተማ ግንብ አልቆ? ሰው ተቀምጦ ሬሳ በሚጠብቅበት ቦታ ቢጫ ለብሰሽ ልትቆሚ? የሰው እንባ ይፈራል፣ ልጄ። እኔ ላይ የደረሰው አይበቃም? ሰዓዳስ ብትሆን እንዴት እሺ አለች?

ስመኝ፦ ሰዓዳ አታውቅም። ይሄ ለሷ አይደለም። ቀሚሱም የሷ አይደለም።

ወ/ሮ ደጌ፦ እስቲ ጥቁሩን ከፍ አድርጊው።

ስመኝ፦ ይኸው።

ወ/ሮ ደጌ፦ ይሄ የፋሲካው ነው። አባትሽ ያመጣልሽ።

ስመኝ፦ ግንቡንም ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። አባዬ ነው ያገኘው። ከአልጋው ላይ ይታየው ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ጓሮው ውስጥ ይገባና የሐረጉ ጥላ ግንቡ ላይ ይወርዳል፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል። የተኛበትን ዘጠኙንም ቀን እያሳየኝ ነበር።

ወ/ሮ ደጌ፦ ለኔ አላሳየኝም።

ስመኝ፦ አንቺ ጀርባሽን ለመስኮቱ ሰጥተሽ ነበር የምትቀመጪው። እሱን እሱን ስታዪ።

ወ/ሮ ደጌ፦ ታዲያ ምን ልይ ኖሯል?

ስመኝ፦ እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አትቆጪኝ። ሰኞ ማታ ፒጃማውን ልቀይርለት ሻንጣውን ስከፍት ከስር ጥቁር ልብስ ወጣ። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ። ቀለሙ ገና ይሸት ነበር።

ወ/ሮ ደጌ፦ እሱ ተኝቶ ነበር።

ስመኝ፦ አልተኛም ነበር።

ወ/ሮ ደጌ፦ ስመለስ ተኝቷል ብለሽኛል። በደንብ አስታውሳለሁ።

ስመኝ፦ እንድታርፊ ብዬ ነው።

ወ/ሮ ደጌ፦ ስሚኝ። ሐኪሙ ይድናል አላለኝ፣ አይድንም አላለኝ። እናቴ የሞተች ቀን አበባ ያለው ቀሚስ ለብሼ ነው የደረሰብኝ። ለቀብሯ የሰው ልብስ ተውሼ፣ እጅጌው እያጠረኝ ነው የቆምኩት። እንደዚያ እንዳንሆን ብዬ አስነከርኩት እንጂ እንዲሞት ፈልጌ አይደለም።

ስመኝ፦ አውቃለሁ።

ወ/ሮ ደጌ፦ ቤት ልተወው ነበር። ድንገት ከሆነ ማን ያመጣልናል ብዬ… አየው?

ስመኝ፦ «የማን ነው?» አለኝ። የአንዲት አስታማሚ ነው፣ ተሳስቶ ገብቶ ነው አልኩት። ነጠላውን ወደ ራሱ ስቦ ጥለቱን በጣቱ ዳሰሰው።

ወ/ሮ ደጌ፦ ያውቀዋል። እሱ ነው የገዛልኝ።

ስመኝ፦ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጨለማ ነበር፣ ምንም አይታይም። «ነገ ቢጫውን ለብሰሽ ነይ። እዚያ ግንብ ጋ ቁሚልኝ፣ ከዚህ ሆኜ ልይሽ» አለኝ። «ለእናትሽ አትንገሪያት» አለ።

ወ/ሮ ደጌ፦ ሟርት ነው እል ነበር።

ስመኝ፦ ስለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።

ወ/ሮ ደጌ፦ አልለበስሽማ።

ስመኝ፦ ለብሼ መጣሁ። በሽተኛ መሃል ቢጫ ለብሳ እንዳይሉኝ ካፖርት ደረብኩበት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ አንቺ ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ ነበር። ካፖርቴን አስወልቀሽ ጥቁሩን በጭንቅላቴ አጠለቅሽልኝ።

ወ/ሮ ደጌ፦ ቢጫውን አላየሁትም።

ስመኝ፦ ያን ቀን ዓይንሽ ምንም አላየም። ሥርዓተ ቀብሩ ሲፈጸም፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው እስኪበተን ድረስ ከስር ቢጫ ነበርኩ። ከጥቁር ስር ቀለም መልበስ የጀመርኩት ለሰዓዳ ብዬ አይደለም።

ወ/ሮ ደጌ፦ እንግዲህ አንድ ሌሊት ሙሉ እያወቀ ነው ያደረው። እኔ ከአልጋው ስር ፍራሽ አንጥፌ። ውሃ ጠይቆኝ ሰጠሁት። «አንቺ ተኚ፣ ደክሞሻል» አለኝ። እኔም ተኛሁ።

ስመኝ፦ ተይ እማዬ።

ወ/ሮ ደጌ፦ ልብሱን ሲያይ ስለ እኔ ምን አለ?

ስመኝ፦ ምንም።

ወ/ሮ ደጌ፦ ስመኝ።

ስመኝ፦ «እናትሽ መቼም ቀድማ ነው የምትዘጋጀው» አለ።

ወ/ሮ ደጌ፦ ተቆጥቶ?

ስመኝ፦ ፈገግ ብሎ።

ወ/ሮ ደጌ፦ እሱ ይብሳል።

ስመኝ፦ ክፉ አላሰበም። ሁላችንም እናውቅሻለን።

ወ/ሮ ደጌ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ስመኝ፦ ለሦስት ሩብ ጉዳይ። ካልሽኝ እቀራለሁ። ዛሬ ባልሄድም ግንቡ አይሄድም።

ወ/ሮ ደጌ፦ ጥቁሩን አውልቂ።

ስመኝ፦ እሺ። ቢጫውንም እቀይረዋለሁ።

ወ/ሮ ደጌ፦ ቢጫውን መቼ አልኩሽ? ጥቁሩን ነው ያልኩሽ። አምጪው፣ እኔ ጋ ይቆይ።

ስመኝ፦ እንዲህ ሆኜ ልሂድ? እማዬ፣ አሰገደች ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ሰፈሩ በሙሉ ያየኛል።

ወ/ሮ ደጌ፦ ይዩሽ። ልይሽ ብሎ የለመነሽ ሰው ሳያይሽ ነው የሄደው።