ስም ያልተሰጠው ሕመም

የሱሪዬ ቁልፍ ባይበጠስ ኖሮ ይህን ክርክር አልሰማውም ነበር። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ ሳዘግም ወገቤ ላላብኝና በእጄ እንደ ያዝኩት መንገዴ ላይ ወዳለው ልብስ ሰፊ ጎራ አልኩ። አዛውንቱ ሰፊ የቆዩ ወዳጄ ናቸው። ሰው አክባሪ ስለ ሆኑ «ይፈቅዱልኛል?» ሳይሉ ሜትራቸውን ወደ ማንም አያስጠጉም።

ያን ዕለት ፊታቸው ጠቁሯል። ድንቢጥ እያሉ የሚጠሯት የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጨርቅ ላይ ተጋድማለች። እናቷ፣ የሰፊው ልጅ፣ የሕፃናት ማቆያ መምህርት ናት፤ አጠገቧ ተቀምጣ ግንባሯን ትዳስሳለች።

«ምን ሆነች?» አልኩ ልብስ መለኪያው መጋረጃ ኋላ ገብቼ ሱሪዬን እያቀበልኩ።

«ሆዴን ትላለች» አሉ ሰፊው። «የትል መድኃኒት ሰጠናት፣ አልሻላት አለ። አሁን ደግሞ ትኩሳት ጀመራት።»

«አባባ፣ እኔ ሆዷ አይመስለኝም» አለች ልጃቸው። «ከደረቷ በታች ያለው ሁሉ ለእሷ ሆድ ነው። ሌላ ስም መች አስተማርናት?»

«ይስሙልኝ መምህር» አሉ መርፌያቸውን ወደ እኔ እየቀሰሩ። «ባለፈው ልጅቷን ስታጥብ ‹ይህ ክንድሽ ነው፣ ይህ ጉልበትሽ ነው› ስትል በግድግዳ ማዶ ሰማሁ። መልካም ነው። ቀጥላ ግን የሽንት መሽኛዋንም እንደ አፍንጫ በስሙ ልትጠራላት! ‹ነውር ነው› ብዬ አስቆምኳት። እኛ እንዲህ አላሳደግናትም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚባለው ለዚህ ነው።»

ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ሆኖም በአባትና በልጅ ክርክር መግባት በመቀስና በጨርቅ መሀል ጣት ማስገባት ነው። ያውም ያለ ሱሪ።

«ገላን መሸፈን ጨዋነት ነው፤ ገላን አለማወቅ ግን ጨዋነት አይደለም» አለች መምህርቷ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እስቲ እርስዎ ‹እዚያ ጋ አጥብቡልኝ› ላለዎት ሰው ልብስ ይሰፉለታል?»

«‹የት ጋ?› እለዋለሁ እንጂ። ወገብ ሌላ፣ ዳሌ ሌላ። ያለዚያ ልብሱ ወለል መወልወያ ሆኖ ይቀራል።»

«ድንቢጥስ ‹የት ጋ?› ስትባል በምን ቃል ትመልስ?»

ሰፊው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«ጊዜው ሲደርስ ታውቀዋለች» አሉ። «ጎረቤት ፊት ብትዘረግፈውስ?»

«የት እንደምትናገረውም እናስተምራታለን። ለእናት፣ ለአያት፣ ለሐኪም። ስሙን የሚያውቅ ልጅ ያመመውን ይናገራል፤ ‹ነውር› ብቻ የሚያውቅ ይደብቃል። አያድርገውና ሊነካት የማይገባው ሰው ቢነካትስ፣ ምን ብላ ትነግረናለች?»

አላስቻለኝም፤ ራሴን ከመጋረጃው አወጣሁ። «‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› የሚሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«መምህር፣ ሱሪ የሌለው ሰው ዳኛ አይሆንም» አሉኝ። ተመልሼ ገባሁ።

መምህርቷ የልጆች ቀሚስ ማሳያ የሆነችውን ትልቅ አሻንጉሊት ከመስኮቱ አንስታ ልጇ ፊት አቆመቻት። «የኔ ድንቢጥ፣ ይቺን ልጅ እንዳንቺ አሟታል። የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪኝ።»

ልጅቷ እጇን ወደ አሻንጉሊቷ ዘረጋች። ወዲያው ቀና ብላ አያቷን አየችና እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። እኔም በመጋረጃው ክፍተት አየሁ፣ እሳቸውም አዩ። ሱሪዬ ከእጃቸው ወደቀ።

«እኔን ፈርታ ነው?» አሉ።

«አባባ ነውር ብሏል» አለች ድንቢጥ።

አዛውንቱ ጉልበታቸው እየተንቋቋ አጠገቧ ተንበረከኩ። «አባባ ተሳስቷል፣ እናቴ። ለእኔና ለእናትሽ ብትነግሪን ነውር የለውም። የቱ ጋ ነው?»

ከአሻንጉሊቷ ሆድ ዝቅ አድርጋ አመለከተች። «ሽንቴን ስሸና ያቃጥለኛል» አለች በሹክሹክታ።

ሱሪዬን በመርፌ ቁልፍ አያይዤ እስከ ክሊኒክ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሟ ሽንቷን አስመርምራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መሆኑን ነገረችን። መድኃኒቱን እየጻፈች፣ «ብትዘገዩ ኩላሊቷን ሊጎዳ ይችል ነበር» አለች።

ልጅቷ ከዳነች በኋላ አንድ ቀን ሳይተከል የቀረውን ቁልፌን ላስተክል ሄድኩ። ሰፊው አንዲት ነፍሰ ጡር ደንበኛቸውን ይመክሯታል። «ገና ሕፃን ሳለ፣ ስታጥቢው፣ ስታለብሺው የገላውን ስም ንገሪው። አይገባውም አትበይ። ‹አሁን ላነሳህ ነው› ብለሽ አንሺው። ‹በቃኝ› ሲል በማንኪያ አታስጨንቂው፣ የገዛ ሆዱን ይመን። መሳም ካልፈለገ አክስትም ብትሆን ትቆይ። ገላዬ የኔ ነው ያለ ልጅ ሲያመው ይናገራል፣ ሲከፋውም ይናገራል።» የልጃቸውን ቃል አንድም ሳያጎድሉ የራሳቸው አድርገውታል። ልጃቸው ሰምታ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ደንበኛዋ ስትሄድ ሰፊው አበባ ያለበት ጨርቅ አወጡ። «ድንቢጥ፣ ቀሚስ ልሰፋልሽ ነው። ልለካሽ?»

«ቆይ አባባ፣ እየተጫወትኩ ነው።»

አንቱ የተባሉት ሰፊ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆሙ። እኔም ቁልፌን ይዤ ከኋላቸው ተሰለፍኩ። ጨዋታዋን ስትጨርስ መጣችና እጆቿን ዘረጋች።

«አሁን ለካኝ። ይሄ ትከሻዬ ነው፣ እንዳታጠብብኝ።»