ነፋስ ፍለጋ

የከተማ ዳርቻው ባቡር ፔንደልቶጉ ሶለንቱና ጣቢያ ላይ በሩን ሲከፍት ነፋሱ ባቡሩ ውስጥ ገባ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

«ይሄ ነፋስ ሊገድለን ነው!» አሉ በአማርኛ።

አጠገባቸው ያለችው ወጣት ሳቀች። «ጋሼ፣ እኔ በኖርኩበት ሆላንድ ሰዉ ነፋስ ፍለጋ ይወጣል።»

«ምን ሊያደርግላቸው?»

«አውትዋየን ይሉታል። በአማርኛ ምን ልበልዎት? ልባቸው ሲከብድ ባሕር ዳር ሄደው ነፋስ ውስጥ ይራመዳሉ።»

«እኛ መስኮት የምንዘጋበትን ነፋስ?»

«እሱኑ! አከራዬ ባሏን በቀበረች ማግስት ካፖርቷን ለብሳ ‹ነይ› አለችኝ። ቃል ሳንነጋገር ሄደን መጣን። ከሞተ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር፤ ስንመለስ ‹ራበኝ› አለች።»

«ለቀስተኛው የት ሄዶ?»

«ነፋሱ ነበራ፣ ጋሼ።»

«ወይ ጉድ! ለዚህም ስም አወጡለት?»

«አወጡለት።»

አዛውንቱ ወደ ባቡሩ መስኮት ዞሩ።

«እኔ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አንድ መስኮት አልከፈትኩም» አሉ። «እስቲ ቃሏን ድገሚልኝ፣ ልጄ።»

«አውትዋየን።»

ሁዲንጌ ጣቢያ ስወርድ ወደ ቤቴ የሚወስደኝ አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን የካፖርቴን ቁልፍ ፈትቼ በእግሬ ሄድኩ።