ሬዲዮ የረሳቸውን ዘፈኖች ለጫነው ሹፌር

የተከበራችሁ የመንደራችን አለቆች፣ መጋቢያችን ከነባለቤትዎ፣ ከአፒያ በመርከብ፣ ከኒውዚላንድ በአውሮፕላን የደረሳችሁ ዘመዶች፣ በዚህ ፀሐይ የቆማችሁ እናቶችና አባቶች፤ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የሟቹ የፔኒያሚና ባለቤት፣ እህቴ ሴፊና፣ አንቺንም ልጆችሽንም ያጽናናችሁ።

እኔ ኢኦሴፋ ነኝ፤ የቢጫው አውቶቡስ ሹፌር። ፔኒያሚና የሰማያዊው ነበር። ከመንደራችን እስከ ሳሌሎሎጋ ወደብ ያለችን መንገድ አንዲት ናት። እሷን መንገድ ዕድሜ ልካችንን ስንሻማባት ኖርን። ተሳፋሪ ነጥቆኛል፤ እኔም ነጥቄዋለሁ። ትናንት ቤተሰቡ "አንተ ተናገርለት" ሲሉኝ፣ "ከባላንጣው ሌላ ሰው ጠፋ ወይ?" አልኩ። ሴፊና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እንዳንተ ስሙን ያነሳ ማን አለ? በየቀኑ ስታማው አይደል እንዴ የኖርከው!"

ሳቁ፣ ግድ የለም። እሱም ቢሆን ይስቅ ነበር።

የልጅነታችንን ሬዲዮ ታስታውሳላችሁ? መንደሩ ውስጥ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነበር። ሁላችንም ደጁ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን እንቀመጣለን። መጀመሪያ ዜና። ከዚያ የሞተ ሰው ማስታወቂያ። ከዚያ መርከብ መቼ እንደምትነሳ። በመሃል በመሃሉ ዘፈን። የእኛው ልጆች በጊታርና በኡኩሌሌ የተጫወቱት ዘፈን። ስም ባወጡት ዛሬም ሰርግ ላይ እንጨፍርባቸዋለን። አንድ ሰሞን ተሰምተው የጠፉትስ? እነሱን ማን ያስታውሳቸዋል?

ፔኒያሚና ያስታውሳቸዋል።

ሬዲዮ ጣቢያው ራሱ በላያቸው ላይ ሌላ ቀድቶባቸዋል። ፔኒያሚና ግን የጓሮውን ጎደሬ ተሸክሞ በየቤቱ ይዞራል። "የድሮ ካሴት የላችሁም? ከሬዲዮ የቀዳችሁት?" ይላል። ጎደሬውን ሰጥቶ ሻጋታ የበላውን ካሴት ይወስዳል። ያጸዳዋል። አውቶቡሱ ላይ ይከፍተዋል።

በዚያው ሰሞን እኔ ትልቅ የድምፅ ማጉያ አስገጠምኩ። አዲስ የጭፈራ ዘፈን! ወጣቱ በሙሉ እኔ ላይ፤ አንዱ ባንዱ ጭን ላይ ተደራርቦ። ሰማያዊው ሁለት አሮጊትና አንድ ዶሮ ጭኖ ይከተለኛል። ልጁ ኢላይሳ ለመነችው። "አባዬ፣ ሰው ሸሸን እኮ! ሌላ ዘፈን ክፈት።" እሱ ምን አላት? "ልጄ፣ ሌላው ዘፈን ኢኦሴፋ ጋ አለልሽ። ይሄን እኔ ከዘጋሁት ግን የት ይገኛል?"

ቤቱ ጭንቅ ገብቶ ነበር። ሴፊና ታውቃለች። አውቶቡሱን ሊሸጠው ምንም አልቀረውም።

ከዚያ የቶኢሉ ቤት ካሴት መጣ። ቶኢሉ ኒውዚላንድ ከሄደ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ካሴቱን የሰጡት አጎቱ ናቸው። ድሮ እንዴት ነበር የምንቀዳው? ቴፑን ሬዲዮው ፊት አስቀምጠን፣ "ዝም በሉ!" ብለን አይደል? እዚያ ቤት ግን ዝም ያላለ ሰው ነበር። ዘፋኙ "ፍቅሬ ሆይ" ብሎ ሲያንቆረቁረው፣ አንዲት ሴት ከደጅ፣ "ኧረ ስጡን አንሱ! ዝናቡ መጣ! ሁላችሁም ደንቆራችሁ?"

ተሳፋሪው መጀመሪያ ሳቀ። በማግስቱ ያቺን ቦታ መጠበቅ ጀመረ። ሳምንት ሳይሞላ አውቶቡሱ በሙሉ አብሯት ይጮህ ነበር። የትምህርት ቤት ልጆች ለመጮህ ብለው እኔን ትተው እሱ ላይ ይሳፈራሉ። ያ ሁሉ ማጉያዬ ስጥ በምታስነሳ ሴት ተሸነፈ!

አንድ ቀን ቶኢሉ አገሩ ገባ። ወደብ ወረደና ሰማያዊው ላይ ወጣ። ዘፈኑ ደረሰ። አውቶቡሱ በአንድ አፍ ጮኸ። ቶኢሉ ብድግ አለ።

"አቁም! ፔኒያሚና፣ አቁምልኝ!"

አቆመ።

"ማናት ይቺ?"

"እናትህ ናት እንጂ ማን ትሆናለች።"

ቶኢሉ ቀብሯ ላይ አልደረሰም። ፎቶዋ አለው፤ ድምፅዋ ግን ከጆሮው ጠፍቶ ነበር። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። "መልሰው" አለ። እስከ መንደር ድረስ እየመለሱ ሰሙት። ቶኢሉ፣ እዚያ ጋ አየሁህ። ዋሸሁ እንዴ? አልዋሸሁም።

እትዬ ፎቱም እዚህ አሉ። ሁላችሁም የጎደሬ ቅጠል የምትገዙት ከእሳቸው ነው። ድሮ ሁለት እህትማማቾች የዘፈኑት አንድ ዘፈን ነበር፤ ማዕበል ስላስቀራት መርከብ። ፔኒያሚና ያገኘው ግማሹን ብቻ ነው፤ ካሴቱ መሃል ላይ ያልቃል። ስንት ዓመት የቀረውን ፈለገ! በመጨረሻ ገበያ ሄዶ፣ "እትዬ ፎቱ፣ አንዷ ዘፋኝ እርስዎ ነዎት አሉ" አላቸው። "ሰው ተሳስተሃል። ቅጠሉን ትገዛለህ አትገዛም?" ገዛ። በሳምንቱም ሄዶ ገዛ። በየሳምንቱ ገዛ። ሴፊና፣ "ምነው፣ ፍየል አደረግከን?" እስክትለው ድረስ።

አንድ ዝናባማ ጠዋት እትዬ ፎቱ ወደብ ሊሄዱ ሰማያዊው ላይ ወጡ። ወደቡ ሲደርሱ ያ ግማሽ ዘፈን መጣ። ተቆረጠ። ሴትዮዋ ከመቀመጫቸው አልተነሱም።

"ድገመው" አሉት።

ደገመው።

"ከፍ ያለችው ድምፅ እህቴ ሳቬሊና ናት። ዝቅ ያልኩት እኔ ነኝ። በሬዲዮ የሚለቁት በማታ ጸሎት ሰዓት ነበር። አባታችን ሬዲዮ አያስከፍቱም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼው አላውቅም። ዘፈኑን ሰው ወዶት እንደሁ፣ ጠልቶት እንደሁ አላውቅም። ስለሱ ላወራ አፈርኩ።"

ዘፍነው፣ የዘፈኑትን ሳይሰሙ አረጁ! ይታያችኋል?

"የቀረውስ እትዬ?" አላቸው ቀስ ብሎ።

ዓይናቸውን ጨፍነው የቀረውን ዘፈኑለት። የሳቬሊናን ድምፅ ማን ያዘው? ፔኒያሚና! ያን ድምፁን ታውቁታላችሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው። እኔ ቢጫዬ ውስጥ ሆኜ ከኋላ ጥሩንባዬን እነፋለሁ። መርከቢቱ ትጮሃለች። የሚወርድ ሰው የለም። ልሳደብ በዝናብ ወርጄ ሮጥኩ። በሩ ጋ ስደርስ ግን ስድቡን ረስቼ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ አዳመጥኩ። መርከቢቱ ሄደች። የቀሩት ሰዎች ሙዝ ተካፍለው በልተው የሚቀጥለውን ጠበቁ። የተቆጣችው አክስቴ ብቻ ናት።

በዚያ ቀን ፊቱን አይቻለሁ። በሰርጉ ቀን እንኳ እንደዚያ አልበራም። ሴፊና፣ አትቀየሚኝ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መጣ። በላ። "ትንሽ ጋደም ልበል" አለ። ሴፊና ካካዎውን ይዛ ስትመጣ አልነቃም። ሳይሰቃይ፣ ጠግቦ፣ በገዛ ምንጣፉ ላይ ሄደ። ከዚህ በላይ ምን ይለመናል?

መጋቢያችን "መቃብሩ ከማንጎው ጥላ ሥር ለምን አይሆንም?" ብለው ነበር። ሴፊና እንቢ አለች። "በመንገዱ በኩል ነው የሚሆነው። 'የሚያልፈው ሰው ምን እንደከፈተ እንድሰማ' ብሎኛል" አለች። መቃብሩ መንገዱ ዳር የተቆፈረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ሰማያዊውን ኢላይሳ ትይዘዋለች። እኔም ቢጫዬን። ተሳፋሪ መሻማታችን አይቀርም፤ አልደብቅህም። እዚህ ስንደርስ ግን ፍጥነት እንቀንሳለን፣ ድምፁን ከፍ እናደርገዋለን። የእኔን ካልወደድከው ታገሰኝ፤ ልጅህ ያንተን ዘፈን ይዛ ከኋላዬ ናት።

ደህና እረፍ፣ ፔኒያሚና። ደህና ሁን።